ጋሽ ተበላህ ትኬት ሲተምን

ፀሐይ በወጣችበት ሰፈር ሁሉ፣ የገዛችሁትን ዕቃ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ ያለ ደመና አይመጣም፤ አዲስ ጫማም ያለ እሱ ምርመራ ሰፈር አይገባም። እናንተ እግራችሁ መሬት አልነካ ብሏችሁ፣ ልባችሁ እንደ ሠርገኛ ሞቅ ብሎ ስትመጡ፣ እሱ ከአንዱ ማዕዘን ብቅ ይላል። ጫማውን አያይም፤ የሚያየው ዓይናችሁን ነው። ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ገዛኸው?» ይላል። ግማሹን ቀንሳችሁ ብትዋሹት እንኳ አይጠቅማችሁም። ራሱን ሁለት ጊዜ ይነቀንቅና ፍርዱን ያወርደዋል፦

«ተበልተሃል!»

አንዲት ልብስ ሰፊ በምትኖርበት ሰፈር የዚህ ከፍተኛ ማዕረግ ባለቤት ጋሽ ተበላህ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ ጋሽ ተበላህ። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠብቆ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። ብስክሌቱን እየነዳ በየመንገዱ ፍርድ ይሰጣል። አክብሮት ግን አያጎድልም፤ ለሽማግሌ ሲሆን ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው «ተበልተዋል» የሚለው።

አዲስ ተጋቢዎች ሶፋ ገዝተው ገና ከመኪና ሳይወርድ፣ በጣቱ አንኳኩቶ «ውስጡ ሣር ነው» አላቸው። ባልና ሚስቱ የመጀመሪያ ጠባቸውን በዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ተጣሉ። ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ፣ አፉ ተከፍቶ ጉጠቱ እስከ ጉሮሮው ገብቶ ሳለ፣ በእጁ ምልክት የወንበሩን ዋጋ ጠየቀ። የጎረቤት ቀብር ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ እሱ የሬሳ ሣጥኑን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ወደ ሟቹ ጎንበስ ብሎ፣ ከልብ በሆነ ሐዘን፣ «ወንድሜ፣ መጨረሻህም ላይ ተበላህ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ሰው ላይ የግል ቂም ነበራት። እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የምታንጎራጉር፣ ክር ሲበጠስባት ስንኝ የምትቀጥል፣ ልቧ ከእጇ ቀድሞ የሚሰፋ ሴት ናት። አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ያለውን ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና እንዲህ ትል ነበር፦

ሁሉ ተሸጠና ገበያው ሲፈታ፣
ፍቅር ብቻ ቀረች ዋጋዋ ተረስታ።

ዓይኗን ስትገልጥ ጋሽ ተበላህ የጨርቁን ጫፍ በሁለት ጣቱ እያሸ ቆሟል። «በሜትር ስንት?» አላት። ዘፈኑ ጉሮሮዋ ውስጥ ሞተ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በቲቸር በኩል ነው። ቲቸር አርባ ዓመት የሰፈሩን ልጆች ዘፈን ያስተማሩ ሴት የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ሚኒስትር ይሁን ሊስትሮ፣ በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያፏጨውን ዜማ የተቀበለው ከእሳቸው ነው። አሁን ግን በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃቸው ሄዳ፣ ቲቸር ሻይ ሲቀዱላት ኩባያው ሞልቶ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ከጠረጴዛው ወደ ቀሚሳቸው ወረደ። እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እሷም ድምፅ ሳታሰማ በሻርፗ ጠረገችው። የዓይን ሐኪሙ ቁርጡን ተናግሯል፦ «በሁለት ወር ውስጥ ካልተሠራ ዋስትና አልሰጥም።» ወረቀቱ ላይ የጻፈው ለሁለቱም ዓይን ሃያ ሺህ ብር ነው።

ልብስ ሰፊዋ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቿ የተሻለችውን ገንዘቡ ለሚሰበሰብበት ቶምቦላ ሰጠች። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ አምስት መቶ ትኬት አሳትማለሁ አለ። ዋጋውን ለመወሰን ከሰፈሩ ሰዎች የተውጣጣ ኮሚቴ በልብስ ሰፊዋ ሱቅ፣ በክር ካርቶኖች ላይ ተቀምጦ ተሰበሰበ። ጋሽ ተበላህን ማንም አልመረጠውም። ዝናብንም ማንም አይመርጠውም፤ ይመጣል እንጂ።

«ሒሳቡ ቀላል ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዱቄት የነካውን እጁን እያራገፈ። «የሚያስፈልገን ሃያ ሺህ። ትኬቱ አምስት መቶ። አርባ አርባ ብር እንሸጣለን፤ አለቀ።»

«መኪናዋ ስንት ታወጣለች?» አለ ጋሽ ተበላህ።

«በነፃ የሰጠኋት ናት ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በስንት ሰጠሽ አላልኩም፤ ስንት ታወጣለች ነው ያልኩት።» ተነሥቶ መንኮራኩሯን አሽከረከረ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ መርፌዋን በጥፍሩ ነካ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «አስር ሺህ። ለአምስት መቶ ሰው ሲካፈል ሃያ። የትኬቱ ዋጋ ሃያ ብር ነው። ከሃያ አንድ ሳንቲም ካለፈ ገዢው ተበልቷል።»

«ቶምቦላ እኮ ነው ጋሼ! ሰው የሚገዛው ለበጎ ነገር ብሎ ነው።»

«ለበጎ ነገር ከሆነ እጃችሁን ዘርግታችሁ ‹ስጡን› በሏቸው፤ እኔም እሰጣለሁ። መኪና አሳይታችሁ ገንዘብ ስትቀበሉ ግን ሽያጭ ነው። ሽያጭ ደግሞ ሚዛን አለው።»

«ቆይ እንጂ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳቅም ንዴትም እየተናነቃት፣ «በሃያም ሸጥነው በአርባ፣ አራት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ባዶ እጃቸውን አይደለም የሚገቡት?»

«ባዶ እጅ መግባት ዕድል ነው» አለ ጋሽ ተበላህ በታላቅ ክብር። «መበላት ግን ውርደት ነው።»

ሁለት ሰዓት ተናገረ። ሻዩ ቀዘቀዘ። የዳቦ ጋጋሪው ሊጥ ኩፍ ብሎ ከገንዳው ወጥቶ ወለሉን ያዘ የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ መጣ። በመጨረሻ እጅ ወጣና አርባ ብር ጸደቀ። ክቡርነቱም ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርለት ጠይቆ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አርሞ፣ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው የመጀመሪያውን ትኬት ራሱ ገዛ። ባርኔጣው ላይ ሰክቶ፣ በሱቁ ደጃፍ ዳቦ ለሚጠብቁ ሴቶች እያሳየ ሲኩራራ፣ ጋሽ ተበላህ በብስክሌቱ ደረሰ። ፍሬን ያዘ።

«ስንት ገዛኸው?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተው እያለህ አይደል የወሰንነው? አርባ ነዋ!»

ጋሽ ተበላህ ሰማዩን አየ፤ መሬቱን አየ። ዝም ብሎ ለማለፍ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳስቀመጠ ሁሉም መስክረዋል። ግን ሰው ከተፈጥሮው የት ይሸሻል? ራሱ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ።

«ተበልተሃል።»

ይህ የተባለው በስድስት ሴቶች ፊት ነው። ስድስት ሴት የሰማው ነገር እስከ ምሳ ሰዓት የት እንደሚደርስ አስቡት። ያ «አሰለቸን፣ አንገሸገሸን» እያለ የሚያማው ሰፈር፣ ለካ ያለ እሱ ቃል መርፌ አይገዛም ኖሯል! ልብስ ሰፊዋ ትኬት ይዛ በር ስታንኳኳ የሚቀበላት ጥያቄ አንድ ሆነ፦ «ጋሽ ተበላህ ምን አለ?» በሦስት ሳምንት አስራ አንድ ትኬት ተሸጠ። ከአስራ አንዱ አንዱ የዳቦ ጋጋሪው፣ ሦስቱ የራሷ ናቸው።

በአራተኛው ሳምንት ቲቸር ቤት ጎራ አለች። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ቲቸር «ልጄ፣ ሊዘንብ ነው እንዴ? ቤቱ ጨለመ» አሏት። «አዎ ቲቸር፣ ደመና ነው» አለችና ወጣች። ሜትሯን ካንገቷ ላይ ሳታወርድ በቀጥታ ወደ ጋሽ ተበላህ ቤት ሄደች።

እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ብስክሌቱን ይወለውላል። ይህች ብስክሌት በዓለም ላይ በትክክለኛ ዋጋ የተገዛች ብቸኛ ዕቃ ናት፤ ይህንን ከእሱ አፍ ያልሰማ የለም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ልጣላህ ነው የመጣሁት።»

«ተቀመጪና ተጣይኝ።»

«አልቀመጥም! አንተ የምትናገራት ቃል የሰው ዓይን ታጠፋለች፣ ታውቃለህ? ቲቸር ዛሬ ፀሐዩን ደመና ነው አሉኝ። እኔም ዋሸኋቸው።»

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።

«አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንህ» አለች። «ለሰው ስትናገር ‹አልተበላህም› በል። ለእኔ ሳይሆን ለሳቸው ብለህ።»

«ውሸት ነዋ፣ እህቴ።»

«ውሸቱን እኔ ልሸከመው!»

«ውሸት እንደ ጆንያ ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ አይተላለፍም። እነዚህ ሰዎች ዋጋ ላይ የሚያምኑት ሰው አንድ ነው። ዛሬ ለቲቸር ብዬ ከዋሸኋቸው፣ ነገ ማንን ሊያምኑ ነው?»

«የሰው ዓይን እኮ ነው! ዓይን ዋጋ አለው እንዴ?»

«ዋጋ የሌለው ነገር የለም» አለ እንደ ልማዱ። «ያልተጠየቀ ነው ያለው።» ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ቆይ... ዓይኑንስ ማን ጠየቀ?»

«ምኑን?»

«ወረቀቱ ሃያ ሺህ ይላል። ማን ተከራከረ?»

«ሐኪም ቤት እኮ ነው ጋሼ! ሐኪም ይከራከሩታል?»

ጋሽ ተበላህ ብድግ አለ። «ለአንድ ሜትር ገበር ሦስት ሱቅ የምትዞሪ ሴት፣ ለሁለት ዓይን አንድ ወረቀት አምነሽ መጣሽ?» የማዕረጉን ክብደት ሁሉ ሰብስቦ፣ ቀስ ብሎ፣ በርኅራኄ አያት። «እህቴ፣ ተበልተሻል።»

በነጋታው ጠዋት ሁለቱ የዓይን ሐኪሙ ክፍል ተገኙ። ክፍሉ ነጭ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከላይ ትልልቅ፣ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደላት ተሰቅለዋል። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት፣ ራሱ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ጋሽ ተበላህ የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እጀታውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ።

«ይህን ወንበር ስንት ገዛኸው፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ነገረው።

«ተበልተሃል፣ ልጄ።»

ምስኪኑ ሐኪም ክው አለ። ለካ እሱም ገና የገዛው ዕለት ጠርጥሮ ኖሯል! እንዲህ ልቡ ከተነካ በኋላ ምን አቅም ይኖረዋል? ጋሽ ተበላህ ወረቀቱን ዘረጋ፤ እርሳሱን አወረደ።

«ካርድ ሁለት ይላል። ሴትዮዋ አንድ ናቸው።»

«ለእያንዳንዱ ዓይን ነው እኮ አባቴ።»

«ግራና ቀኙ በተለያየ ቀን ነው የተወለዱት? አንድ ካርድ። አልጋ ይላል፤ ያድራሉ?»

«አያድሩም፤ ታክመው ይሄዳሉ።»

«ታዲያ አልጋው ላይ ማን ሊተኛበት ነው? ይሰረዝ። ጥቁር መነጽር... ይህማ መንገድ ላይ በሩቡ ይገኛል፤ እኔ አመጣለሁ። በል አሁን ወደ ዋናው እንግባ። አንዱን ዓይን ይህን ያህል ካልክ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስወስድ ስንት ትለኛለህ? በጅምላ እኮ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጋሽ ተበላህ ሦስት ጊዜ «በል ይቅር፤ ሌላ ቦታ እንጠይቃለን» ብሎ ተነሣ። ሦስት ጊዜ እሷም ልቧ እየቆመ ተከትላው ወጣች። በሦስተኛው፣ መተላለፊያው ግማሽ ላይ ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ራሱ በሩን ከፍቶ «አባቴ! እስቲ ይምጡ!» አለ።

«ለመሆኑ» አለ ሐኪሙ ሲመለሱ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «እናትዎ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«አክስት?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምንዎ ናቸው?»

ጋሽ ተበላህ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ጥቂት ጊዜ ተመለከተ። «ወደ ሒሳቡ እንመለስ» አለ።

አስራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ላይ ሐኪሙ እጁን አነሣ። «ከዚህ በታች ከኪሴ ነው የማወጣው፤ እውነቴን ነው።» ጋሽ ተበላህ ዓይኑን ትክ ብሎ አየው። «አምንሃለሁ። ዋጋው ይህ ነው» አለ። ሐኪሙ ሁለተኛ ጊዜ የተመረቀ ያህል ፊቱ በራ።

ሱቋ ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ ሒሳቡን አወጣችው፦ ለአምስት መቶ ትኬት፣ ሃያ አምስት ብር። ከደስታዋ ብዛት በመቀስ ጠረጴዛውን መታች። «ተገላገልን!»

«መኪናዋ አስር ሺህ ናት» አለ ጋሽ ተበላህ። «ትክክለኛው ሃያ ነው። ሰዉ አምስት አምስት ብር ይበላል።»

«አምስት ብር! ጋሼ፣ በሞቴ፣ አምስት ብር ይበሉ! እግዜርም ይቅር ይላቸዋል፣ እነሱም ይቅር ይሉናል!»

ጋሽ ተበላህ ብድግ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ብስክሌቷን እየገፋ ነው። እልፍ አድርጎ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስደገፋት፤ እጀታዋን እንደ በግ ጭንቅላት አንዴ ደባበሰው።

«ሁለተኛ ዕጣ» አለ። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ ታወጣለች። አሁን ሚዛኑ ልክ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቆቿን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት። ብስክሌቷን አይቶ የገባው ዳቦ ጋጋሪ ግን ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቀን ዛሬ እንደሆነ ገባው። ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አደረገ። «ይህች? ሁለት ሺህ አምስት መቶ?» ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ተበላህ ቀላ፤ ጠቆረ። ስለ ቸርኬው ተናገረ፤ ስለ ደወሉ ድምፅ ተናገረ፤ ሰንሰለቱን ስንት ዘይት እንዳጠጣው ቆጠረ። ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሺህ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመ። በመጨረሻ እየሳቀ እጁን ዘረጋ፦ «ይሁን ጋሼ። አልተበላንም።»

ትኬቱን ደግሞ ማሳተም አያስፈልግም ተባለ። ጋሽ ተበላህ አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኙን ተቀምጦ፣ በየአንዳንዱ ላይ አርባውን በእርሳስ ሰርዞ ሃያ አምስት ጻፈ። አስራ አንዱን ቀድመው ለገዙት ደግሞ በእግሩ ቤት ለቤት ዞሮ አስራ አምስት አስራ አምስት ብራቸውን መለሰ። ከዚያ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ትኬት የያዘ ሰው ሲያልፍ «ስንት ገዛኸው?» ይላል። «ሃያ አምስት» ይሉታል፣ ትንፋሻቸውን ውጠው። «አልተበላህም» ይላል።

ሰፈሩ ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ሰዎች ደንግጠው ይቆማሉ፤ ደረታቸው ይነፋል። ቃሉን ሁለት ጊዜ ለመስማት ብለው ሁለት ትኬት የገዙ አሉ። በአምስት ቀን አንድ ትኬት አልቀረም። ዕጣው ሲወጣ መኪናዋ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደረሰች፤ ብስክሌቷም የሰፈሩ ኮረብታ ለማያስጨንቃት ፋርማሲስት። ጋሽ ተበላህ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ስለሚሄድ፣ ሸማች ሁሉ ቤቱ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ትርፍ አገኘ።

ሁለት ወሩ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የቲቸር ዓይን ተሠራ። ፋሻው የሚፈታ ዕለት ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ተበላህ «እኔ ምን ሥራ አለኝ» እያለ አብሮ መጥቶ፣ ከበሩ ግን አልፎ አልገባም። ሐኪሙ የመጨረሻውን ዙር ፈታ። ቲቸር ዓይናቸውን ርግብ ርግብ አደረጉ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ወደ ጎናቸው ዞሩ።

«አንቺ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

«ቲቸር!» አለች፤ ትስቃለችም ታለቅሳለችም።

«ያ በር ላይ እንደ መጥረጊያ የቆመውስ ማነው?»

ጋሽ ተበላህ ባርኔጣውን አወለቀ። ቲቸር አዲሱን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አተኮሩበት።

«አንተ ልጅ፣ ከዘፈን ክፍል ያባረርኩህ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ቲቸር።»

«ሥራ የጀመርኩ ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆንህ ነው። ‹ይህ ድምፅ ለዘፈን አይሆንም› ብዬ በክፍሉ ሁሉ ፊት አስወጣሁህ። አለቀስክ።»

«አለቀስኩ።»

«ስንት ዘመን ሲቆጨኝ ኖርኩ። አልተቀየምከኝም?»

«ለምን ብዬ፣ ቲቸር?» አለ ጋሽ ተበላህ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ። «ልክ ነበሩ እኮ። ቤት ውስጥ ሁሉም ‹እንደ ወፍ ነው የሚዘፍነው› ይሉኝ ነበር። በከንቱ ሲያሞግሱኝ ኖረው፣ ልኬን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚያ በኋላ ተደላድዬ ነው የኖርኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ይህን ሁሉ ዘመን ደስታዋን ሲነጥቃት የኖረ የመሰላት ሰው፣ ለካ ያኔ በልጅነቱ የተሰጠውን ስጦታ፣ የሚያውቀውን አንድ ስጦታ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሲያድል የኖረ ነው።

«እስቲ ዝፈንልኝ» አሉት ቲቸር።

«ኧረ አይሆንም! ሰው አለ።»

«ዝፈን አልኩህ!»

አርባ ዓመት ክፍል ያስተዳደረ ድምፅ ነው፤ እምቢ አይባልም። ጋሽ ተበላህ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጆቹን ወደ ታች ዘረጋ፤ አገጩን ቀና አደረገና ጀመረ፦

ንቂ አንቺ ጀንበር በሩን ክፈቺልን፣
ማታ የጠፋውን መንገድ አሳዪልን።

ዘይት ያልቀመሰ የበር ማጠፊያ፣ ዳገት ላይ የቀረ ጋሪ፣ ጉንፋን የያዘው አውራ ዶሮ፤ ሁሉም ጉሮሮው ውስጥ ነበሩ። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ነርሷ የጋወኗን እጅጌ ነከሰች። ቲቸር ግን ዓይናቸውን እንደገለጡ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፤ በጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ።

«አሁንም አይሆንም» አሉት። «በል ድገመው።»

ደገመው። ልብስ ሰፊዋም ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ከዜማ ወጥታ የማታውቀው ሴት፣ ሁለተኛውን ስንኝ እሱ በሳተበት በኩል እሷም እየሳተች፣ ከጎኑ ሳትለይ እስከ መጨረሻው አብራው ዘፈነች።